መንገዱ እንጂ ደብዳቤው አልጠፋም

በሎስ አንጀለስ ከተማ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። በዚህ አካባቢ የሚሰባሰበው ወገናችን የእድሩን፣ የማኅበሩንና የቤተሰቡን ጉዳይ ሲጻጻፍ የኖረው በኢሜይል ነው፤ ከዚያ ጽሑፍ ከፊሉ ዛሬ ያለው በየሰዉ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት የእድር ጸሐፊና የኮምፒውተር ባለሙያዋ የእኔ ፈጠራ ናቸው። የገጠማቸው ችግርና መፍትሔው ግን እውነተኛ ነው። ደብዳቤ የጠፋበት ሰው በመጀመሪያው የድንጋጤ ሰዓት እጁን እንዲሰበስብ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ ልጄ፣ እንኳን መጣሽልኝ። አረፍ በይ፣ ቡና ይምጣልሽ። እኔስ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። የእድሩ ደብዳቤ፣ የእኅቴ ደብዳቤ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ።

ባለሙያዋ፦ አይዞዎት ጋሼ። ቡናው ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ መጥፋቱን ካወቁ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ነካኩ?

ጋሼ፦ ምንም። የእኅቴ ልጅ «ፕሮግራሙን እናጥፋውና እንደ አዲስ እንጫነው» ብሎኝ ነበር። «እሷ እስክትመጣ እንዳትነካብኝ» አልኩት።

ባለሙያዋ፦ ደግ አደረጉ! ደብዳቤ በአብዛኛው ለዘለቄታው የሚጠፋው ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ በሚመጣው ሩጫ ነው። አንዱ ፕሮግራሙን አራግፎ ይጭናል፤ ሌላው አካውንቱን ሰርዞ እንደገና ያስገባል። አካውንት ሲሰረዝ ደግሞ «ደብዳቤዎቹንም አብሬ ላጥፋ?» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ የደነገጠ ሰው ሳያነብ ምልክት ያደርግባታል። ሌላው «ቦታ ለመቆጠብ ፎልደሮቹን ልጠቅጥቅ?» ሲባል እሺ ይላል። ሰው «ዴሊት» ያደረገው ደብዳቤ ወዲያው ከፋይሉ አይወጣም፤ የጠፋ ነው የሚል ምልክት ብቻ ተደርጎበት እዚያው ይቆያል። ተጠቅጥቆ ሲያበቃ ግን መመለሻ የለውም።

ጋሼ፦ አንዱንም አላደረግሁም።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው ከመጥፋቱ በፊት ያደረጉትን ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ላፕቶፑ ሞላሁ ሞላሁ ይለኝ ነበር። እኔ የምጠቀመው ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የሰርቨሩን ገጽ ወደ ታች ሳወርደው፣ ደብዳቤው የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያሳይ መስመር አገኘሁ። ከጎኑ «ብራውዝ» የሚል አለ። እሱን ተጫንኩና ከውጭ የሚሰካውን ዲስክ መረጥኩለት። ዘግቼ ልከፈት አለኝ፣ እሺ አልኩት። ሲከፈት ባዶ! ኢንቦክስና ትራሽ ብቻ። «አባላት»፣ «መዋጮ»፣ «ቀብር»፣ «እኅቴ» ብዬ የከፈትኳቸው ፎልደሮች አንዳቸውም የሉም።

ባለሙያዋ፦ ፎልደሮቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ሰው ቤት ሲለቅ ለፖስታ ቤቱ አዲስ አድራሻ ስለሰጠ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ተነሥተው አይከተሉትም። እርስዎ የቀየሩት ፕሮግራሙ የሚመለከትበትን አድራሻ ነው። ያ መስመር «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ፈልግ» ይላል፤ «የድሮውን ተሸክመህ አምጣ» አይልም። ፕሮግራሙ የተባለው ቦታ ሄደ፣ ምንም አላገኘም፣ አዲስ ኢንቦክስና አዲስ ትራሽ ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ።

ጋሼ፦ ዕቃውን አስቀድሜ በእጄ ማጓጓዝ ነበረብኝ ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ አዎ፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ፎልደሩን እንዳለ ቀድቶ፣ አድራሻውን መቀየር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ቅደም ተከተል የነገረዎ ሰው ከሌለ ግን ከየት ያውቁታል?

ጋሼ፦ የሚገርምሽ ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት አንብቤ መልስ የሰጠሁባቸው ደብዳቤዎች እንደ አዲስ ተመልሰው መጡ።

ባለሙያዋ፦ እሱ ብዙ ይነግረናል። አድራሻዎ የሚሠራው ፖፕ በሚባለው መንገድ ነው ማለት ነው። ፖፕ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ላይ አንሥቶ ወደ ቤት ኮምፒውተር ያወርዳል። ተንደርበርድ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሰርቨሩ ላይ ቅጂ የሚተወው ቢበዛ ለ14 ቀን ነው። የትኛውን እንዳወረደ የሚመዘግብባት «ፖፕስቴት» የምትባል ትንሽ ፋይል አለችው፤ እሷም የቀረችው በድሮው ቦታ ነው። አዲሱ ቦታ መዝገብ ስላልነበረው ሰርቨሩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያልወረደ መስሎት እንደገና አወረደ። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ከ20 ዓመት በላይ የተጠራቀመው ደብዳቤ ግን በዓለም ላይ ያለው በዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። እጅዎን ሰብስበው መጠበቅዎ ለዚህ ነው ያስደሰተኝ።

ጋሼ፦ ጂሜይሉስ?

ባለሙያዋ፦ እሱን ያስገቡት በአይማፕ ነው። በአይማፕ ዋናው ደብዳቤ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው ግልባጩ ነው። ስልክዎን አውጥተው ይዩት።

ጋሼ፦ አለ። ሁሉም አለ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲህ የምንጨነቀው ለፖፑ ነው። ለመሆኑ ለምን በእሱ ጀመሩ?

ጋሼ፦ ያኔ ሌላ ምን ነበር ብለሽ ነው! ሆትሜይል በ1996 ሲጀምር የሚሰጠው ቦታ 2 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ በስልክሽ የምታነሺው አንድ ፎቶ ይሞላዋል። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚሸጥልኝ ድርጅት የሰጠኝም አድራሻ ጠባብ ነበር፤ ሁሉን ወደ ቤት አውርጄ ሰርቨሩን ባዶ አደርግለት ነበር። ጂሜይል 1 ጊጋባይት በነፃ እሰጣለሁ ብሎ ሲመጣ 2004 ሆነ፤ ቀኑም ኤፕሪል 1 ስለነበር ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። ተንደርበርድ 1.0 የወጣውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእሱ ጋር ነኝ።

ባለሙያዋ፦ እኅትዎስ ከአዲስ አበባ በምን ነበር የሚጽፉልዎ?

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው፤ በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል። ከዚያ በፊት ኢሜይል የነበረው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል ክፍል ፊዶኔት በሚባል መረብ ያገናኝ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀምና በስልክ መስመር በአንድ ጊዜ ይላካል። እኅቴ ግን የጀመረችው ኢንተርኔት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው፤ በደቂቃ እየከፈለች፣ በላቲን ፊደል። «እንደምነህ ወንድሜ» ለማለት የፈረንጅ ፊደል ስትደረድር ታየኛለች። በእኛና በእነሱ መካከል 11 ሰዓት ልዩነት አለ፤ እዚህ ሰዓት ሲቀየር 10 ይሆናል። እኔ ለሥራ ስነሣ እሷ ከሥራ ትገባለች። ስልኩ ውድ ነው። ያኖረን ደብዳቤው ነው። ካረፈች በኋላማ እንኳን ደብዳቤዋ፣ የላከችው ቀልድ ሁሉ ውድ ሆኖብኛል። ይሄን እንደገና ላኪልኝ አልላት።

ባለሙያዋ፦ እንፈልጋቸው ጋሼ። ፕሮግራሙን ዘግቼዋለሁ። ዊንዶውስ ላይ የደብዳቤው ቦታ ከዓይን የተደበቀ ነው። «አፕዳታ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ሮሚንግ»፣ በእሱ ውስጥ «ተንደርበርድ»፣ ከዚያ «ፕሮፋይልስ»። እዚያ ስሙ በስምንት የተደበላለቁ ፊደላትና ቁጥሮች የሚጀምር ፎልደር አለ። አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ዶክመንቱንና ፎቶውን ቀድቶ ይሄን ጥሎት የሚሄደው ስለማያየው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ኮምፒውተር ቀይረው «ደብዳቤዬ የታለ?» ብለው የመጡብኝ አሉ። አሮጌውን ጠርገው ያልሸጡት ሁሉ አግኝተውታል።

ጋሼ፦ ቦታው ሌላ ቢሆንስ? እኔ እንጃ፣ ከዚህ በፊትም የነካካሁት ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዋ፦ ለዚያም ዘዴ አለው። የደብዳቤው ፋይል ከስሙ በኋላ ነጥብም ሆነ ሌላ ምልክት የለውም፤ ለመፈለግ አይመችም። ከአጠገቡ ግን በ«ነጥብ ኤምኤስኤፍ» የሚያልቅ ፋይል አለ። ማውጫው ነው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርገን ዲስኩን በሙሉ በዚያ ማለቂያ ብንፈትሸው ደብዳቤ ያለበት ቦታ ሁሉ ይወጣል። ይኸው፣ ይመልከቱ።

ጋሼ፦ «አባላት»... «መዋጮ»... በላቲን የጻፍኳቸው እነሱ ናቸው! «እኅቴ»ም አለች! ተመስገን።

ባለሙያዋ፦ መጠኑንም ይዩልኝ። ባዶ ፋይል ዜሮ ይላል። ይሄኛው 300 ሜጋባይት አልፏል። ደብዳቤዎቹ በውስጡ ናቸው።

ጋሼ፦ ክፈቻት በይ!

ባለሙያዋ፦ ትንሽ ይታገሡኝ። ምንም ከማድረጋችን በፊት ፕሮፋይሉን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ እቀዳዋለሁ። መቅዳት እንጂ መቁረጥ አይደለም፤ መንገድ ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ቆርጦ የወሰደ ሰው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ያገኘዋል... ይኸው አለቀ። አሁን ከቅጂው «ቀብር» የሚለውን በኖትፓድ እከፍትልዎታለሁ። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይከፈታል።

ጋሼ፦ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?

ባለሙያዋ፦ ኤምቦክስ ይባላል። ከ1970ዎቹ የዩኒክስ ዘመን የመጣ አቀማመጥ ነው። እርስዎ ፎልደር የሚሉት በእውነቱ አንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ደብዳቤዎቹ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። በመስመር መጀመሪያ ላይ «ፍሮም» የሚል ቃልና ባዶ ቦታ ሲመጣ አዲስ ደብዳቤ ጀመረ ማለት ነው። ተንደርበርድ ነገ ቢቀር እንኳ ይሄን ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚቀበላቸው የኢሜይል ዓይነቶች አንዱም ይሄው ነው።

ጋሼ፦ ላኪውን አየሁት፤ ገንዘብ ያዣችን ነው። ቀኑም አለ። አማርኛው ግን የታለ? ይሄ ትርምስምሱ የወጣው ቁጥርና ፊደል ምንድን ነው? ተበላሽቷል እንዴ?

ባለሙያዋ፦ አልተበላሸም፤ አማርኛው እሱ ነው። ኢሜይል ሲሠራ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለነበር የሌላው ዓለም ጽሑፍ በላቲን ፊደልና በቁጥር ተለብጦ ይጓዛል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ቤዝ 64 በሚባለው አለባበስ ደግሞ 3 ባይት 4 ምልክት ይሆናል። ለአማርኛ የምንጠቀምባቸው ፊደላት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሰፈር ስለሰፈሩ አጀማመራቸው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በ4 ቁጥርና በትልቁ ዋይ ይጀምራል። የደብዳቤውን ርእስ መስመር ይዩት።

ጋሼ፦ 4ዋይ... ሁለት ምልክት... 4ዋይ... ሁለት ምልክት... 4ዋይ። ሦስት ፊደል። «ቀብር» መሆን አለበት!

ባለሙያዋ፦ እሱ ነው። በመካከሉ ክፍት ቦታ ሲገባ አሰላለፉ ይዛነፋል እንጂ የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ እንዲህ ይታወቃል። ይሄን ልብ ይበሉልኝ ጋሼ፤ የፋይሎቹን ይዘት በአማርኛ ቃል ፈልገው ምንም ሲያጡ «በቃ ጠፍቷል» ብለው ዲስኩን የሚያጠፉ አሉ። እንዲህ ባለው ፋይል ውስጥ «ቀብር» የሚል ቃል በግዕዝ ፊደል ተጽፎ አይገኝም። በላኪው አድራሻ፣ በላቲን ፊደሉ ነው የሚፈለገው።

ጋሼ፦ ጎኑ ያለው የጂሜይሉ ፎልደርስ? ስሞቹ ሁሉ «እና» በሚለው ምልክት ይጀምራሉ፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ስም አላወጣሁም። ቫይረስ እንዳይሆን።

ባለሙያዋ፦ እርስዎ ጂሜይሉ ላይ «ቤተሰብ»፣ «ሐኪም ቤት» እያሉ በአማርኛ ነው የሰየሙት። አይማፕ የፎልደር ስምንም ለብጦ ነው የሚያስቀምጠው። በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር ሁሉ በ«እና» ምልክቱ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ትልቁ ኢ ይመጣል፣ የአማርኛው ቃል ሲያበቃ ጭረት ይዘጋዋል። ይሄን ያየ የእኛ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ከመሰረዙ በፊት ኢዋን ይፈልግ። እሷ ካለች የራሱ ፎልደር ነው።

ጋሼ፦ ይሄን ለእድሩ ሰዎች በሙሉ እነግራለሁ። አሁን እንዴት እንመልሳቸዋለን?

ባለሙያዋ፦ ቀላሉ መንገድ ያንኑ መስመር ወደ ድሮው ቦታ መመለስ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ፎልደሮቹ እንደነበሩ ብቅ ይላሉ። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ደስ ይለውና አንድ ነገር ይረሳል። ቦታውን ከቀየሩ ወዲህ የመጡት አዳዲስ ደብዳቤዎች በአዲሱ ዲስክ ላይ ባለው ኢንቦክስ ውስጥ ናቸው። መስመሩን ስንመልስ ደግሞ እነዚያ ይሰወራሉ።

ጋሼ፦ የለቅሶ መልእክት መጥቶልኛል እኮ ከዚያ ወዲህ!

ባለሙያዋ፦ አይጠፋም። የአዲሱን ዲስክ ኢንቦክስ ፋይል ስሙን ለውጬ፣ «ኢንቦክስ ሁለት» ብዬ፣ ማውጫውን ሳላመጣ ከድሮዎቹ ጎን አኖረዋለሁ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ራሱን የቻለ ፎልደር አድርጎ ያሳየዋል፤ ማውጫውንም ራሱ ይሠራለታል። ከዚያ የሚፈልጓቸውን እየጎተቱ ወደ ቦታቸው መውሰድ ነው። የተደጋገሙትን ደግሞ ተረጋግተው ይሰርዟቸዋል... ይኸው፣ ተከፈተ።

ጋሼ፦ አምላኬ! ሁሉም መጡ... ቆይ፣ ቆይ። «መዋጮ» ሥር በየዓመቱ የከፋፈልኳቸው ነበሩ። እነሱስ?

ባለሙያዋ፦ በድሮው ቦታ እንያቸው። ንዑስ ፎልደሮች የሚቀመጡት የእናታቸውን ስም ይዞ በ«ነጥብ ኤስቢዲ» በሚያልቅ ፎልደር ውስጥ ነው። «መዋጮ» በሚል ስም የተከፈተች ፋይልና «መዋጮ ነጥብ ኤስቢዲ» ጎን ለጎን መኖር አለባቸው። እናትየዋ ፋይል ከሌለች ፕሮግራሙ ልጆቹን አያሳይም... ልክ ነው፤ እዚህ ያለችው «መዋጮ» የስሟ ፊደል ተለውጧል። አንድ ጊዜ ስሟን አስተካክለው ያውቃሉ?

ጋሼ፦ በትልቅ ፊደል የጀመርኩትን በሌላ አጻጻፍ ለመለወጥ ሞክሬ ነበር፤ በፕሮግራሙ ሳይሆን እዚህ ፋይሉ ላይ።

ባለሙያዋ፦ እሱ ነው። ስሟን ከልጆቿ ጋር አንድ ላድርገው። አሁን ፕሮግራሙን ዘግቼ ልክፈተው... ከ2006 ጀምሮ ያሉት ወጡ። ስም መቀየር ሲፈልጉ ከአሁን በኋላ ከፕሮግራሙ ውስጥ ያድርጉት፤ እሱ ሁለቱንም አብሮ ይቀይራል። አንዱ ፎልደር ተከፍቶ ባዶ ከመሰለ ወይም ርእሱ ከውስጡ ካልገጠመ ደግሞ ማውጫው ነው የተበላሸው፤ ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጭነው፣ ንብረቱን ከፍተው፣ «ጠግን» የሚለውን ይምረጡ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ዲስኩ መሙላቱስ? ከውጭ በሚሰካው ላይ ላስቀምጥ አስቤ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

ባለሙያዋ፦ በየቀኑ የሚሠሩበት ደብዳቤ ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ባይኖር ይሻላል እላለሁ። ዊንዶውስ ዛሬ ዲ ያለውን ዲስክ፣ ነገ ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ካገኘ፣ ኢ ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ያው ችግር ይመለሳል። ደብዳቤ እየወረደ ገመዱ ቢነቀል ደግሞ ፋይሉ ራሱ ይጎዳል። ፍላሽ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፋት32 በሚባለው የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤምቦክስ ደግሞ መላውን ፎልደር በአንድ ፋይል ነው የሚይዘው። ላፕቶፕዎን የሞላው ቪዲዮ ነው፤ እሱን ወደ ውጭ እናውጣ። ደብዳቤው እዚህ ይሁን፣ ቅጂው ውጭ።

ጋሼ፦ ይሁን። እስቲ የእኅቴን እንይ። ይሄ በ2000 የጻፈችው ነው፤ አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒውተር አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት አባሪ አድርጋ የላከችው። አሁን ሲከፈት ግን የፈረንጅ ፊደል፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ... ይሄም ልብስ ለብሶ ነው?

ባለሙያዋ፦ ይሄ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም በ1999 ነው፤ ሰዉ ዘንድ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያ በፊት ዳሸን፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ ከሚባሉት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዱ ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው ነው የሠሩት። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይነበባል፤ ከሌለ የሚያዩት የእንግሊዝኛው ቦታ ነው። የዚህን ፋይል የፎንት ስም አየሁት፤ ቪዥዋል ግዕዝ ነው። ፎንቱን ካገኘን እንዳለ ይነበባል፤ ወደ ዩኒኮድም ይለወጣል። እርስዎን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከፍተው በሌላ ፎንት «ሴቭ» እንዳይሉት። ያን ጊዜ የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚጠቁመው ምልክት ይጠፋብናል።

ጋሼ፦ አልነካውም። ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ውስጥ ያለውን ሳስበው ይጨንቀኛል። ማን ሲሞት ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ሲሸኝ ከቆንስላውና ከአየር መንገዱ ጋር የተጻጻፍነው፣ ይሄ መንገድ በ2002 ሲሰየም ለበዓሉ ማን ምን እንደሚያመጣ የተመካከርነው፤ ሌላ ቦታ አልተጻፈም።

ባለሙያዋ፦ በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ ብራናዎች አሉ። ብራና ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ መቶ ዓመታት ይቀመጣል። ይሄ ዲስክ አይቀመጥም። ደግሞም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ የደብዳቤውን ቦታ የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጋሼ፦ የምትይው ገብቶኛል። ግን ሰዎቹ የጻፉት ለእኔ ነው። አንዷ ስለ በሽታዋ፣ አንዱ ስለ ትዳሩ፣ ሌላው ስለ መኖሪያ ፈቃዱ። «ጋሼ፣ በእርስዎ ይቅር» ብለው ነው። ይሄን ለኮሚቴ ላስረክብ?

ባለሙያዋ፦ እሱንማ አያስረክቡ። እኔም ሁሉም ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ይቀመጥ አልልም። «ቀብር»ና «መዋጮ» የእድሩ ናቸው፤ የእነሱን ቅጂ በሁለት ዲስክ አድርገን አንዱን ለሊቀ መንበሩ፣ አንዱን ለገንዘብ ያዡ። ዲስኮቹን በይለፍ ቃል እንቆልፋቸዋለን፤ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላ ስብሰባው ቀን፣ ከፍተው ይነበብ እንደሆነ ይዩ። «እኅቴ» የቤተሰብዎ ነው፤ ለልጆችዎ። በአደራ የተጻፈልዎት ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ማንም አይከፍተውም፤ ምን እንደሚሆን የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፦ «አባላት» ውስጥ ሁለቱም ተደባልቋል። የአባልነት ፎርሙም፣ ምስጢሩም።

ባለሙያዋ፦ እሱ መለየት አለበት። ሁለት ፎልደር ይክፈቱና እያነበቡ ይከፋፍሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ላግዝዎ?

ጋሼ፦ አይሆንም፣ የሰው ገመና ነው፤ እኔው በመነጽሬ አንድ በአንድ አየዋለሁ። አንቺ የሁለቱን ዲስክ ነገር ጨርሺልኝ፤ ያን ፎንትም ፈልጊልኝ። በይ አሁን ቡናሽን ጠጪ።